ለማየት ብቻ የወጣንበት ክረምት

በእኛ አገር ሰው ያለ ጉዳይ መንገድ አይወጣም ነበር። ጋይንትም፣ ስማዳም፣ እስቴም ያው ነው። ሰው ከቀዬው የሚርቀው ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለክርክር፣ ለስለት፣ ለሕክምና ነው፤ ዝናብ የቀረበት ዓመት ሲመጣም እህል ፍለጋ። ከሩቅ የሚመጣብን እንግዳም ቢሆን ጉዳይ ያለው ነው። የጋይንቷ ቤተልሔም ለድጓ፣ ዙር አባ ደግሞ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ስማቸው የተጠራ ጉባኤ ቤቶች ስለሆኑ፣ ስንት የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ በእግሩ ሲመጣ አይቻለሁ። አገር ለማየት ብቻ፣ ዓይኑን ለማጥገብ ብቻ ስንቅ ቋጥሮ የተነሣ ሰው ግን እስከ 1994 ክረምት ድረስ አላውቅም። በዚያ ክረምት እኔና ባለቤቴ ተነሣን።

የተጋባነው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። ሁለታችንም አርብ ገበያ እናስተምር ነበር፤ እሱ ጂኦግራፊ፣ እኔ አማርኛ። እኔ የዚያው የታች ጋይንት ልጅ ነኝ። እሱ የእስቴ ልጅ ነው፤ ደሴ ሠልጥኖ እኛ ዘንድ ተመደበ። የመውጣቱን ሐሳብ ያመጣው አንድ ተማሪ ነው። ባለቤቴ ካርታ ሰቅሎ የአባይን ምንጭ ሲያስተምር ልጁ እጁን አወጣና “መምህር፣ ጣናን አይተውታል?” ብሎ ጠየቀው። ልጁ ነገር ፈልጎ አልነበረም፤ ከምሩ ማወቅ ፈልጎ ነው። ባለቤቴ የጉና ውኃ ቁልቁል ሲወርድ እያየ ያደገ ሰው ነው። ያ ውኃ የሚገባበትን ሐይቅ ግን አላየውም። ማታ እራት ላይ ይህንኑ ነገረኝና “ክረምቱን እንሂድ” አለኝ። እኔም ላሊበላ ሳይኬድማ ጣና አይኬድም አልኩት። ተስማማን።

ወሬው ሲሰማ ጎረቤት እየተቀባበለ መጣ። አንዷ “ማን ታሞባችሁ ነው?” አለች። ሌላዋ ወደ ጓዳ ሳብ አድርጋኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ስለት ነው አይደል? አይዞሽ እቴ፣ ገና ዓመትም አልሞላችሁ፤ ልጅ እንደሁ በጊዜው ይመጣል” አለችኝ። ወንዶቹ ባለቤቴን “ዝውውር አገኛችሁ?” ብለው ያዙት፤ መምህር በክረምት ከአርብ ገበያ የሚወጣው ወይ ለዝውውር ወይ ለክረምት ትምህርት ነውና። “አይ፣ አገር ልናይ ነው” ሲላቸው እርስ በርስ ተያዩ። እናቴ ብቻ ምንም አልጠየቀችም። ገብሱን ቆልታ፣ አስፈጭታ በሶ አሰናዳችልን፤ ዳቦ ቆሎውን በጨርቅ ከረጢት ቋጠረችልን፤ “ደጋውን አትመኑት” ብላ የአባቴን ወፍራም ጋቢ ደረበችልን። ባለቤቴ በበኩሉ ከትምህርት ቤቱ ትልቅ ካርታ ላይ መንገዳችንን በማኒላ ወረቀት ገለበጠ። ወንዞቹን በሰማያዊ እስክሪፕቶ፣ ከተሞቹን በቀይ ነጥብ አደረጋቸው፤ የወረቀቱን ጠርዝ በፕላስተር ለጠፈው። የፎቶ ካሜራ ከከተማው ፎቶ አንሺ ተከራየን፤ ፊልሙ 36 የሚያነሣ ስለሆነ ምኑን አንሥተን ምኑን እንደምንተው ገና ሳንነሣ እንከራከር ነበር። የሰኔንና የሐምሌን ደመወዝ ይዘን ከሐምሌ ሥላሴ በኋላ ወጣን።

ከአርብ ገበያ እስከ ዋናው መንገድ ያለውን በክረምት የሄደበት ያውቀዋል። አይሱዙው ጤፍና ማር ጭኖ፣ እኛም ከላይ ተጭነን ነው። ጭቃው መኪናውን ሲውጠው ረዳቱ ይወርድና ከጎማው ሥር ታኮ ያስገባል፤ ወንዶች ይገፋሉ፤ ሴቶች ድንጋይ እናቀብላለን። ዳገቱ ላይ ስንወጣ ወደ ኋላ ዞር ብዬ አየሁ። ቆላው ጉም ለብሶ፣ የበሽሎ ገደል ከታች ጠቁሮ፣ ከማዶ የወሎ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞ ነበር። ያንን አገር ተወልጄ እስካድግ በየቀኑ አየሁት፤ እንዲህ ያማረ መሆኑን ግን የዚያን ዕለት፣ እየራቅሁት ስሄድ ነው ያስተዋልሁት።

ነፋስ መውጫ አደርን። የአልጋ ቤቷ ባለቤት ክፍል ከመስጠቷ በፊት የሁለታችንንም እጅ አየች፤ የጋብቻ ቀለበቱን ስታይ ፊቷ ተፈታ፣ “ሙሽሮች ናችሁ እንዴ!” ብላ የራሷን ብርድ ልብስ ጨመረችልን። ቁርስ ላይም ትኩስ ሻይ ከነዳቦው ሰጠችን እንጂ አላስከፈለችንም። የዚያች ሴት ደግነት ከአእምሮዬ አልጠፋም።

በነጋታው ወደ ጋሸና የሚሄድ አውቶቡስ አገኘን። ይህ ከወረታ ወልዲያ የሚዘልቀው መንገድ ቻይናዎች የሠሩት ነው፤ ያን ጊዜ ገና ጠጠር ነበር፤ አስፋልት የለበሰው በኋላ ነው። ጨጨሆ ላይ ስንደርስ ጉሙ ወርዶ ሾፌሩ በቀን መብራት አበራ። ገደሉ በግራም በቀኝም እንዳለ ይታወቃል፤ አይታይም። ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ። ጉሙ የተገለጠልን ወደ ዘቢጥ ስንቃረብ ነው፤ ገብሱ ለምለም፣ ሜዳው ውኃ ያዘለ፣ እረኛው ሁሉ ገሣ ለባሽ።

ከእኛ ፊት የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ባለቤቴ የማኒላ ካርታውን ዘርግቶ ከመስኮቱ ጋር ሲያስተያይ አዩትና “ምን ትፈልጋለህ ልጄ?” አሉት። “አባባ፣ አንቺም የት ጋ ነው?” አላቸው። ሽማግሌው ቶሎ አልመለሱም። ቆይተው በምርኩዛቸው ወደ ሜዳው እያመለከቱ “በዚህ ነው። አባቴ እዚያ ቀርቷል። እኔ እረኛ ነበርሁ” አሉ። ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ እስኪያወርዳቸው ድረስ እሳቸው ሲናገሩ እኛ ስንሰማ ሄድን።

የአንቺምን ነገር መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር። ራስ ጉግሣ ወሌና ዘውዲቱ ምኒልክ ባልና ሚስት ነበሩ። በ1909 ልጅ ኢያሱ ወርደው ዘውዲቱ ስትመረጥ መኳንንቱ ከባሏ እንድትለያይ አደረጓት። እሷ አዲስ አበባ ንግሥተ ነገሥታት ተብላ ዘውድ ጫነች፤ እሱ ደብረ ታቦር ተቀምጦ በጌምድርን ገዛ። ከዓመታት በኋላ ጉግሣ በራስ ተፈሪ ላይ ተነሣ፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 አንቺም ላይ ጦርነት ሆነ። በኢትዮጵያ ምድር አውሮፕላን ጦርነት ላይ ሲውል የመጀመሪያው ነበር፤ በመጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ወረቀት፣ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ሽማግሌው “ከሰማይ ወረቀት ሲዘንብ እኛ ልጆቹ ልንለቅም ሮጥን” አሉን። ጉግሣ እዚያው ሜዳ ላይ ወደቀ። ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ አረፈች። በሕመሟ ነው የሚሉ አሉ፤ በሐዘን ነው የሚሉም አሉ። እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ያንን ሜዳ ከመስኮት እያየሁ፣ ከጋቢው ሥር የባሌን እጅ ይዤ፣ ያቺ ሴት ከዚያ ሁሉ ዓመት መለየት በኋላ የባሏን ሞት በምን አኳኋን ሰማችው ይሆን እያልሁ አነባሁ። ስለ ሥልጣን ሽኩቻው ብዙ ተጽፏል። ስለ ትዳራቸው የተጻፈው ጥቂት ነው፤ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ጋሸና ወርደን የላሊበላን መኪና ያዝን። 64 ኪሎ ሜትር ነው፤ በክረምት ግን ቀኑን ጨረሰው። ላሊበላ የገባነው መሸትሸት ሲል፣ ያ የላስታ ባለ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤት በዝናብ ጠቁሮ፣ ከየጣሪያው ጭስ እየወጣ ነው። በክረምት የውጭ አገር ጎብኚ የለም ማለት ይቻላል፤ ለገና በመቶ ሺህ የሚፈስበት ከተማ ለእኛ ባዶውን ቆየን። አንድ አስጎብኚ ወጣት፣ እሱም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ “ሥራ የለኝም፣ እናንተም መምህራን ናችሁ” ብሎ ከመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን እስከ መጨረሻው ይዞን ዞረ። አሥራ አንዱንም አየን። ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች የመጀመሪያዎቹ ጋር የመዘገባቸው እነዚህን ነው።

ቤተ ጊዮርጊስን በዝናብ ማየት እድል ነው። የሄደ ሁሉ በፀሐይ የተነሣ ፎቶ ያሳየኛል፤ እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ጣሪያው ላይ እርስ በርሱ ተደራርቦ የተቀረጸው መስቀል ውኃ ይዞ ያበራል፤ የጣሪያው ውኃ በተፈለፈለለት አሸንዳ ወደ ታች ይወረወራል፤ ዓለቱ ረጥቦ ቀዩ ይበልጥ ይቀላል። ያንን የጠረበ ሰው ዝናቡን አስቀድሞ አስቦታል። መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍሁ፤ የመሮው ፈለግ ገና ይዳሰሳል፣ እያንዳንዱ ምት ለብቻው፣ አንዳንዱ ጥልቅ አንዳንዱ ገር። ባለቤቴ ቢጠራኝ አልሰማሁትም ነበር።

ከሁሉም ልቤን የወሰደችው ግን ቤተ አባ ሊባኖስ ናት። ብዙ ሰው ለቤተ ጊዮርጊስ ሲቸኩል ያልፋታል። በአራቱም ጎን ከዓለቱ ተለይታ ተፈልፍላ፣ ጣሪያዋ ብቻ ከተራራው ጋር እንደተያያዘ ቀርቷል። ቄሱ እንደነገሩን የሠራቻት የንጉሥ ላሊበላ ሚስት መስቀል ክብራ ናት፤ እሱ ካረፈ በኋላ ለመታሰቢያው፣ መላእክት እያገዟት፣ በአንድ ሌሊት። “ሚስቱ ናት የሠራችለት” ሲሉ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። አሥር ቤተ ክርስቲያን የንጉሡ ሥራ ነው ሲባል ሰምተን ነበር፤ አሥራ አንደኛዋ የፍቅር ሥራ መሆኗን ያወቅነው እዚያ ቆመን ነው። ከዚያ በር ላይ ሁለታችን አንድ ፎቶ ተነሣን። ፎቶው ጨለማ ነው፤ እኛ ግን እንታወቃለን።

ወደ ምዕራብ ስንመለስ ክምር ድንጋይ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ልጆች ትኩስ የተቀቀለ ድንች ከነሚጥሚጣው በመስኮት ያቀብላሉ። ጉና ደመናውን ለጥቂት ጊዜ ገለጠልን። ከ4000 ሜትር በላይ ያለ ተራራ ነው፤ አናቱ ጓሳና ጅብራ ብቻ ነው። ከዚያ ተራራ ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳሉ። ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ስንጓዝ የጉማራን ድልድይ ተሻገርን፤ ወንዙ ሞልቶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ የፎገራን ሜዳ ሊውጥ ደርሷል። ባለቤቴ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቁልቁል አየ። “የእናቴ ማሳ ነው የሚሄደው” አለኝ። ስለ አፈር መሸርሸር በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲያስተምር ሰምቼው አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ድምፁ ሲሰበር ግን አልሰማሁም።

ባሕር ዳር ስንደርስ ፍልሰታ ገብቶ ነበርና ዓሣው እንዳማረን ቀረ። ጣና ዳር ቆመን ለረጅም ጊዜ አልተናገርንም። እኔ ውኃ ማለት ገደል ውስጥ የሚጮህ ነገር እንደሆነ ነው የማውቀው፤ ማዶው የማይታይ፣ ዝም ብሎ የተኛ ውኃ አይቼ አላውቅም ነበር። ከዘጌ የመጡ ሰዎች በደንገል ታንኳ እንጨት ጭነው ሲቀዝፉ አየን፤ ታንኳው ውኃ ጠጥቶ ግማሹ ሰምጧል፣ ቀዛፊው ግን አልተጨነቀም። በነጋታው በጀልባ ወደ ዘጌ ሄድን። መንገድ ላይ ክብራን ገብርኤል ገዳም አለ፤ ሴት አይገባበትም። ጀልባው ወንዶቹን ሊያወርድ ሲጠጋ ባለቤቴ አልተነሣም። ሰዎቹ “ግባ እንጂ፣ እዚህ ድረስ መጥተህ!” ቢሉት “አብረን ነው የወጣነው፤ አብረን የምናየው ይበቃናል” አላቸው። የገዳሙን ሥርዓት አከብራለሁ፤ ስለዚህም አልተቀየምሁም። ያን ቃሉን ግን እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት አብረን ገባን፤ የመቅደሱን ግድግዳ ዙሪያውን የሞላውን ሥዕል እያነበብን አንድ ዙር፣ ደግመን ሌላ ዙር ዞርን። ሥዕሉን አማርኛ አስተማሪ ሆኜ ነው ያየሁት፤ ታሪክ እንዴት እንደሚጀመር፣ የት እንደሚቆም፣ ክፉው ሰው ለምን በአንድ ዓይን እንደሚሣል።

ጢስ አባይ ላይ የሆነውን ለመናገር ቃል ያጥረኛል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን የቆየውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን፣ ጭቃውን ወጥተን፣ ገና ሳናየው ድምፁ ደረታችን ውስጥ ገባ። ከዚያ ጢሱ። ልብሳችን ሳይዘንብ ራሰ። ሰው ሁሉ “ክረምት መንገድ አይወጣበትም” ይላል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። በ1993 ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በበጋ የአባይ ውኃ ወደ ተርባይኑ ስለሚዞር ፏፏቴው ይኮሰምናል፤ በበጋ ሄዶ “ይኼው ነው እንዴ?” ብሎ የተመለሰ ብዙ ሰው አውቃለሁ። ነሐሴ ላይ ግን ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። ጉናም፣ ላስታም፣ ፎገራም እንዲሁ ናቸው፤ ይህ አገር ራሱን የሚያሳየው በክረምት ነው። ጭቃውን የፈራ አያየውም።

ደብረ ታቦር የደረስነው ለቡሄ ነው፤ ይህንንም አስበን ነው ያደረግነው። የከተማዋ ስም የበዓሉ ስም ነውና ነሐሴ 12 ማታና 13 እዚያ እንደሚከበረው የትም አይከበርም ብዬ አምናለሁ። ችቦው በየደጁ ይበራል፤ ጅራፉ ከየኮረብታው ይጮኻል፤ ልጆች ሙልሙላቸውን በከረጢት ሞልተው ይዞራሉ። የማናውቃቸው ቤተሰቦች በር ላይ አይተውን “ግቡ፣ ግቡ” ብለው አስገቡን፤ ሙልሙልም ሰጡን።

በማግስቱ በእግራችን ጋፋት ወጣን። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስቀለጡበት ኮረብታ ነው። እረኞቹ ከሣሩ ውስጥ የብረት ዝቃጭ የመሰለ ጥቁር ድንጋይ እያነሡ አሳዩን። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ያ መድፍ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገዱ ከፊቱ እየተጠረገለት፣ ጋይንትን አቋርጦ፣ በዘቢጥና በዋድላ አድርጎ፣ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ወጣ። እኛ በአይሱዙና በአውቶቡስ ያማረርንበትን ደጋ ማለት ነው። ከመድፍ ሠሪዎቹ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የሚባል የስዊዝ ተወላጅ ነበር፤ ያገባው ለንጉሡ ሲዋጋ የሞተውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ነው፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። ወጣት ባልና ሚስት ሆነው ኑሯቸውን የጀመሩት በዚህ አገር ነው። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ሲሞቱ ከአገር ወጡ፤ በመጨረሻ ሊባኖስ ውስጥ ብሩማና በሚባል ቦታ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። የበጌምድር ልጅ ከአገሯ ተነቅላ ሊባኖስ ተራራ ላይ የኖረችውን ኑሮ አንድ ሰው ቢጽፍልን እንዴት ደስ ባለኝ።

ከደብረ ታቦር ወደ እስቴ፣ ወደ ባለቤቴ እናት ወረድን። አማቴ ለምራትነቴ ባወጣችልኝ ስም እየጠራች እግሬን አጠበችኝ። ማታ ገብስ እየቆላች ያየነውን አንድ በአንድ ጠየቀችን። “ውኃው ማዶ የለውም?” “አለው እማዬ፣ ግን አይታይም።” “ታዲያ መኖሩን በምን አወቃችሁ?” ልጇ የማኒላ ካርታውን አወጣና ከምድጃው ብርሃን አስጠግቶ ጣቷን ይዞ በሰማያዊው መስመር ላይ አስኬዳት፤ ጉና፣ ጉማራ፣ ጣና፣ አባይ። ከደጇ ያለው ጅረት የት እንደሚደርስ ያን ማታ አወቀች። ሌሊቱ ተጋምሶም አልተኛችም ነበር።

ፎቶዎቹ ሲታጠቡ አርብ ገበያ የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍናቸው። በቀጣዩ ክረምት ሌሎች መምህራንም ወጡ፤ አንዱ ጎንደርን፣ ሌላው ሰሜን ተራሮችን አየ። “ማን ታሞባችሁ ነው?” የሚለው ጥያቄም ቀረ። ዓመታት ቆይተን፣ እጃችን ላይ ትንሽ ገንዘብ ሲገኝ፣ አማቴን ለገና ላሊበላ ወሰድናት። ከሰው ብዛት የተነሣ እጇን ይዘን ነበር የምንጓዘው። ቤተ አባ ሊባኖስ ደርሰን የመስቀል ክብራን ነገር ስነግራት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ባሏ የሞተው በ77ቱ ድርቅ ነው። “እኔማ እንኳን ቤተ ክርስቲያን ልሠራለት፣ ተዝካሩንም በቅጡ አላወጣሁለት” አለች። ከዚያ ስፍራ ልናንቀሳቅሳት አልቻልንም፤ ሕዝቡ በዙሪያዋ ሲያልፍ እሷ ከባሏ ጋር ስትነጋገር ቆየች። ስትጨርስ ነጠላዋን አስተካክላ “አሁን እንሂድ” አለች፤ ፊቷ ቀሎት ነበር። እስክትሞት ድረስ ያን ጉዞ ታወራው ነበር።

መንገዱ ዛሬ አስፋልት ነው። ችግሩ ሌላ ሆነ። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ደረሰ፤ ነሐሴ ላይ ነፋስ መውጫ ገባ። በዚያች ከተማ ሴቶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ባወጣው ዘገባ መዝግቦታል። ብርድ ልብሷን የሰጠችን ሴት ምን እንደደረሰባት አላውቅም፤ ዘገባውን ሳነብ የታየችኝ ግን እሷ ናት። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልላችን በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። የላሊበላ አስጎብኚዎችና አልጋ ቤቶች ሥራ አጥተው ተቀመጡ፤ በወር ብዙ እንግዳ ያስተናግድ የነበረ ሰው የልጁን ደብተር መግዛት አቃተው። ልጆቻችን ጣናንም ላሊበላንም በስልክ ያውቋቸዋል። አንቺምን ግን ማንም አላሳያቸውም።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። መሣሪያ የያዛችሁ ሁሉ፣ መንገዱን ለመንገደኛ ተዉለት። ተጋብታችሁ የምትወጡበትን የምታስቡ ወጣቶች ደግሞ፣ ሰላም ሲሆን ከወረታ ወደ ላይ ያዙ። በሐምሌ ሂዱ፤ ወፍራም ጋቢ ያዙ፤ የሚያስጎበኛችሁን ልጅ የልፋቱን ክፈሉት። በሁለተኛው ጉዟችሁም እናቶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።